የኋላ ወንበር የሌላት መኪና

መኪናዋ የኋላ ወንበር እንደሌላት መጀመሪያ ያየችው እናት ነበረች። ያየችው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ፣ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ፣ ሻጩ ሽማግሌ የጥርስ ሐኪምም «በደስታ ንዷት፤ አንዳች የጎደላት ነገር የለም» ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ ነው። ቦርሳዋን ከኋላ ልታስቀምጥ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። ከሁለቱ ወንበሮች ጀርባ ምንጣፍ የለበሰች አንድ ጠባብ መደርደሪያና የኋላው መስታወት ብቻ ነበሩ። ቀና አለች። ዓይኗን ጠረገችና እንደገና ጎንበስ አለች። ያው ነው!

«አንተ፣» አለች ባሏን፣ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ «እኛ የት ነው የምንቀመጠው?»

«እነማን እናንተ?»

«እኔና ልጅህ ነና! የኋላው ወንበር የታለ?»

ባልየው በከዘራው እየተደገፈ ተጠጋና በመስኮቱ አየ። ጆሮው ቀላ።

«እኔ እኮ... ለጥገና የወጣ መስሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ።

እንዲህ ያለ ስህተት ሌላ ማን ይሠራል? ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ወንበር ሰፊ ነበር። እሱ ሱቅ ደጃፍ የቆሙ መኪኖች ሁሉ ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ወንበራቸው ተነቅሎ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኑ ባዶ መኪና ከማየቱ ብዛት የጎደለውን በሐሳቡ መሙላት ለምዷል። ይህችንም ሰማያዊ ስፖርት መኪና ሊያይ በሄደ ጊዜ የፊቶቹን ወንበሮች ስፌት በጣቱ ዳሰሰ፣ ቆዳውን አሸተተ፣ «ይህን የሰፋ ሰው እጁ ይባረክ» አለ፣ ኮፈኗን አስከፈተ፣ ጎማዋን በከዘራው መታ መታ አደረገ። ኋላዋ ባዶ መሆኑንም አይቷል። አይቶም በልቡ «አንዱ ባለሙያ ጋ ተልኮ ይሆናል፣ ይመለሳል» ብሎ አለፈው!

ፀጉር ሠሪዋ ልጃቸው ይህን ስትሰማ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ዝርፍጥ ብላ ሳቀች። «አባዬ! ስንት ዘመን ወንበር የሰፋ ሰው ሁለት ወንበር መቁጠር ያቅተው?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እንኳን ሽማግሌው መሪውን አልነቀለው! እሱንም ለጥገና ነው ብለህ ትገዛት ነበር።»

እናት ግን አልሳቀችም። ደነገጠች። እሷ በተፈጥሮዋ የስልክ ጥሪ በሰማች ቁጥር ማን ሞተ የምትል ሴት ናት። ይሁንና የዚያን ቀን ድንጋጤዋ ምክንያት ነበረው። ለምን አትደነግጥ? በቤቷ ሁለት የማይነጋገሩ ወንዶች ነበሩ፤ በሁለቱ መካከል የምትቀመጠውም እሷ ነበረች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወንበር ሰፊው ሥራ ላይ እንዳለ፣ መርፌው ቆዳው ውስጥ እንደተተከለ፣ ስትሮክ ጣለው። ሐኪሞቹ የሚያድነውን ሕክምና ነገሯቸው፤ ሕክምናው የሚጠይቀው ገንዘብ ግን በቤቱ አልነበረም። ያኔ ዳቦ አመላላሽ ሾፌር የሆነው ወንድ ልጁ ማንንም ሳያማክር ሱቁን ከፈተና የአባቱን ትልቅ የስፌት ማሽን አውጥቶ ሸጠ። አባት ዳነ። ዓይኑን ሲገልጥ ግራ እጁም ግራ እግሩም አልታዘዝ ብለውታል። የጠየቀው የመጀመሪያ ነገር ማሽኑን ነበር... ያልጨረሰው ወንበር ነበረበት። ልጁ እውነቱን ነገረው። አባት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «እጄን ቆርጠህ ሸጥከው» አለ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያልተኛው ልጅም፣ ምነው በዚያች ቅጽበት ምላሱ በታሰረች፣ «እጅህማ ድሮውኑ ሞቷል!» ብሎ መለሰ።

ወይ ቃል! ምነው እንደ ክር በተፈታ! ምነው እንደ ቆዳ በተጠገነ! ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ ከአንድ ሳህን እየጎረሱ፣ አንዲት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። «ለልጅሽ ጨው አቀብለኝ በይው» ይላል አባት። ጨው ያለው ልጁ ክርን ሥር ነው። «ለአባቴ እንካ በይልኝ» ይላል ልጅ። እናት ጨዉን ከልጇ ተቀብላ ለባሏ ትሰጣለች። እንዲህ እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ተሸክማ ተመላለሰች። በቤቱ ደንብ እሷ ያላደረሰችው ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል።

አሁን ታዲያ መኪናዋን ማን ይንዳት? አባት በግራ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም። ፀጉር ሠሪዋ መንዳት አታውቅም። እናት ብስክሌት ሲያልፍ እንኳ ግድግዳ የምትይዝ ናት። የቀረው ልጅየው ነው። አንዱ ወንበር የልጅ፣ ሌላው የአባት። አስታራቂዋስ? አመላላሽዋስ? ለእሷ የሚሆን ቦታ በመኪናዋ ውስጥ አልነበረም!

«መልሳት» አለችው ባሏን ያን ቀን ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ሰው ሱቁን አስረክቦ ባገኘው ብር ጣሪያ ያሠራል። አንተ ጫማ የምታህል መኪና ትገዛለህ?»

ባል «ስሚ» አለ። «በሕይወቴ ያልተቀመጥኩበት የመኪና ዓይነት የለም። ሰፍቼ እጨርስና ወንበሩን መልሼ እገጥማለሁ፤ ከዚያ ልክ መሆኑን ለማየት እቀመጥበታለሁ። መሪውን እይዛለሁ። መኪናው ግን ቆሞ ነው! ሁልጊዜ ቆሞ ነው። ባለቤቱ ይመጣል፣ እኔ እወርዳለሁ፣ እሱ አስነሥቶ ይሄዳል። እኔ ከኋላው ጭሱን አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ባለች መኪና ስትሄድ ተቀምጬ ልይ... ከዚያ ጣሪያው ያፍስስ።»

እናት መብራቱን አጠፋችና በጨለማው ውስጥ አለቀሰች። ሐኪሙ ስትሮኩ በሚቀጥለው ጊዜ ከመታው አይነሣም ብሎ የነገራት ለእሷ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ልጅየው ከዳቦ ቤቱ ሲመለስ ልብሱ ላይ ዱቄት ነበር። ደጅ የቆመችውን ሰማያዊ መኪና አየና ሳያስበው ፉጨት አመለጠው። ዞር ዞር ብሎ አያት። አጎንብሶ ከሥሯ አየ። ወደ ወጥ ቤት ገብቶ እጁን እየታጠበ ግን ፊቱን አኮሳተረ። አባት ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። እናት መሐል ቆመች፤ የዘወትር ሥራዋ ተጀመረ።

«ለልጅሽ ነገ ከሥራ ሲወጣ ይዞኝ ይዞራል በይው።»

እናት ገባች። «ነገ ይዘኸኝ ትዞራለህ ይላል።»

«ለአባቴ እኔ የዳቦ መኪና እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ነድቼ አላውቅም በይልኝ።»

እናት ወጣች። «እንዲህ ያለ ነገር ነድቼ አላውቅም ይላል።»

አባት በወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ይህን ቃል ሲጠብቅ ኖሯል። «በይው፦ የዳቦው መኪና የሚጎትተው የፊቱ ጎማ ነው። ይህቺን የሚገፋት የኋላዋ ነው። የዳቦው መኪና ኩርባ ላይ ሲንሸራተት ቤንዚን ሰጥቶ ያቃናዋል። ይህቺን ግን ዝናብ ላይ፣ ኩርባ ውስጥ ቤንዚን ከሰጣት ኋላዋ ተወርውሮ ትዞራለች። እግሩን ቀስ አድርጎ ያንሣ፤ መሪውን ኋላዋ ወደሸሸበት ያዙር። ደንበኞቼ ሁሉ የሚሉት ይኸንኑ ነው። ደግሞ አንዷን ቃል እንዳትጥያት!»

እናት ግን «ትዞራለች» የሚለውን እንደሰማች ሌላውን መስማት ትታ ነበር። ከበረንዳው እስከ ወጥ ቤቱ ባለችው አጭር መንገድ መኪናዋ በሐሳቧ ተገልብጣ፣ አራት ጎማዋ ሰማይ ሰማይ እያየ ሲሽከረከር ታያት። ሁለት ሬሳ ሳጥን ታያት። የትኛው ይቅደም ብለው ሲጠይቋት ሁሉ ታያት! ወጥ ቤት ገባች።

«ምን አለ?» አላት ልጇ።

«ቀስ በል አለ።»

«ያን ሁሉ አውርቶ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጣ። የመንደሩ ዘበኛ መኪናዋን ዞሮ አይቶ «ጋሼ፣ ይቺ ስታድግ ስንት ሰው ትጭናለች?» አለ። ሰው ሳቀ፤ አባትም ሳቀ። አባት ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሊገባ ሲታገል ልጅየው ምንም ሳይናገር መጣና የአባቱን ግራ እግር በሁለት እጁ አንሥቶ፣ እንደ ሕፃን እግር ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ አስገባለት። ቀበቶውንም አሰረለት። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሞተሩ ተነሣ... ምድር ውስጥ የተኛ ነገር የሚያጉረመርም ይመስላል። መኪናዋ ከመንደሩ ወጥታ ከታጠፈች በኋላም ድምፅዋ ለትንሽ ጊዜ ይሰማ ነበር። ከዚያ ጠፋ።

እናት ወደ ቤት ስትገባ የባሏን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። የልጇ ስልክ ደግሞ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ይህን አይታ ገና «ውይ!» ከማለቷ የቆርቆሮው ጣሪያ ጠብ አለ። ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ!

ያኔ ነው ሁሉም ነገር አንድ ባንድ የተመለሰላት። ዝናብ ላይ... ኩርባ ውስጥ... ቤንዚን ከሰጣት... አንዷን ቃል እንዳትጥያት! እናት በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። ጥላዋለች! አንዷን ሳይሆን ሁሉንም ጥላዋለች! ሁለት ዓመት የጨዉንና የሳሙናውን ቃል ሳታጎድል ስታደርስ የኖረች ሴት፣ ነፍስ የሚያድነውን ቃል በረንዳው ላይ ጥላው ገባች። አሁን ማን ይነግረዋል? አባትየው እንደሆነ ለልጁ አይናገርም። የሚያናግረው በእሷ በኩል ነው፤ እሷ ደግሞ እዚህ ናት!

«እማዬ፣ ተቀመጪ በእናትሽ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ዝናቡን ጥግ ይዘው እያሳለፉት ነው።»

«ሞተዋል» አለች እናት።

«ገና አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም እኮ!»

«ለመሞት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ሻርቧን ደርባ፣ ጃንጥላ ይዛ ወጣች። መታጠፊያው ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች። ደግማ ሄደች። ጎርፉ ጫማዋ ውስጥ ገባ። ከሩቅ የአምቡላንስ ጩኸት ሲሰማ የዘበኛውን ጎጆ ምሰሶ ያዘች። «እትዬ፣ እሱ ወደዚያኛው ሰፈር ነው» አላት ዘበኛው አዝኖላት፤ አልሰማችውም። ፈጣሪዬ፣ አለች በልቧ፣ ከፈለግህ ተኳርፈው ይኑሩ። እስክሞት ድረስ ቃላቸውን ልሸከም። ብቻ ሁለቱንም መልስልኝ። ብቻ ጨው አቀብለኝ ሲሉ ልስማ!

መሸት ሲል ሁለት ዝቅ ያሉ መብራቶች መታጠፊያው ላይ ብቅ አሉ።

መኪናዋ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች መጣች። አንድ ጎኗ እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሷል። ግን በአራት እግሯ ናት! ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ሞተሩ ጠፋ። ማንም አልወረደም። መስታወቶቿ በትንፋሽ ታፍነው ከውስጥ የሚታየው ጥላ ብቻ ነው። እናት እየሮጠች ደረሰችና መስታወቱን ልታንኳኳ እጇን አነሣች... አየር ላይ ቀረ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። ሁለት ድምፅ!

«እግርህን አንሣ አልኩህ እኮ!»

«አነሣሁ!»

«ከዞርን በኋላ አነሣህ! ፊታችንን ወደመጣንበት መልሰን ከቆምን በኋላ!»

«ታዲያ ማን ነገረኝ አስቀድሞ? ማን?»

«እናትህን ነግሬያት ነበር!»

«እሷማ ያለችኝ ቀስ በል ነው!»

ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ሁለተኛውም ሳቀ። መኪናዋ በሳቃቸው ስትነቀነቅ ይታይ ነበር። እናት አፏን በሻርቧ ያዘች። ሳቃቸው ቀስ በቀስ በረደና የልጅየው ድምፅ ብቻ ቀረ፣ ወፍራም፣ እየተቆራረጠ።

«አባዬ... ያን ቀን ሆስፒታል ያልኩህ...»

«ተወው።»

«አልተወውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ስተኛም ስነሣም...»

«እኔስ? እጄን ሸጥከው አላልኩም? ባትሸጠው ኖሮ ዛሬ ማን ይጮህብህ ነበር?»

ሞተሩ እንደገና ተነሣ። እናት ደንግጣ ጎንበስ ስትል ከመስታወቱ አንዲት የጠራች ጥግ አገኘች። ልጅየው የአባቱን ግራ እጅ፣ ያቺን የሰነፈች እጅ፣ ከጭኑ ላይ አንሥቶ ማርሹ ላይ አስቀመጣት። ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፈላትና የራሱን እጅ ከላይ ደረበባት። አባት ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ይሰማሃል?»

«ቆይ...» አለ አባት። «ትንቀጠቀጣለች።»

«ማን? እጅህ ወይስ መኪናዋ?»

«እንጃ ልጄ... እንጃ። ግን ተሰማኝ!»

ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም፤ እንደ ድሮው መርፌ አይዙም። ብቻ ተሰማው! እናት እዚያው ዝናብ ላይ ቆማ አለቀሰች። ጃንጥላው መቼ ከእጇ እንደወደቀ አታውቅም። ፀጉር ሠሪዋ ከበሩ ሆና «እማዬ፣ ግቢ! ምን ሆነሽ ነው?» እያለች ትጮሃለች። አባት ጩኸቱን ሰምቶ መስታወቱን በክርኑ ጠረገና ሚስቱን አያት።

«አንቺ ሴትዮ! እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የት ልቀመጥልህ?» አለች፤ እንባዋና ሳቋ ተደባልቆ። «ቦታ የላችሁ!»

እራት ላይ ሾርባው ቀዘቀዘ። ማን ይብላ! አባትና ልጅ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ ያወራል። ባዶ አደባባይ ላይ እንደነበሩ፣ ልጅየው እንደ ዳቦ መኪናው ቤንዚን እንደሰጣት፣ ኋላዋ ተወርውሮ ዓለም በመስኮት እንደዞረች፣ አባት «እግርህን አንሣ!» ብሎ እንደጮኸ፣ ልጅም «እሺ አባዬ!» ብሎ እንደመለሰ። ሲቆሙ ማንም አልተነካም፤ ሁለቱ ግን አደባባዩ መሐል ተፋጠው ቀሩ። መጀመሪያ የፈሩት አደጋውን ሳይሆን መነጋገራቸውን ነበር።

«ደግሞ እኔ አልጮህኩም» አለ አባት።

«ኧረ ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል!»

እናት በመካከላቸው ተቀምጣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዞር አንገቷ ደከመ። አንዴ «ጨዉን» ሲል የሰማችውን ባሏን ለማገልገል እጇን ስትሰድ ጨዉ በላይዋ አልፎ ሄዷል። እጇ ባዶውን ተመለሰ። ፀጉር ሠሪዋ ይህን አይታ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «እማዬ፣ ከሥራ ተባረርሽ» አለቻት በሹክሹክታ። እናት ሁለት ዓመት ያልበላችውን ያህል ዳቦ በላች።

የሰው ልጅ ዕድል ምን ዓይነት ነገር ነው? ጥፋት ይዞ መጣ ስንል ሲሳይ ይዞ ይገባል፤ እናት ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ነገር ሁሉ አንድም ቀን በጠበቀችው በር አልመጣባትም። ነገ ምን ይመጣል? ሐኪሙ ያላት ቀን አንድ ቀን ይመጣል፤ ያን ታውቃለች። ያኔ ምናልባት ያቺ እጅ ምንም አይሰማት ይሆናል። ምናልባትም ያቺ ሰማያዊ መኪና አንዱን ወንበር ባዶ ይዛ ትዞር ይሆናል። ግን ዛሬን ማን ይወስድባታል? ዛሬ እኮ ገብቷል! ዛሬ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከራከራል!

ሳህኑ ታጥቦ፣ ፀጉር ሠሪዋ ተኝታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል አባት ከዘራውን ይዞ ተነሣ። መኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመና እንደ ልማዱ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ለልጅሽ በሩን...»

አልጨረሰውም፤ ራሱ ነው ያቆመው። አባት ፊቱን ከእሷ ላይ አንሥቶ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወደ ቆመው ልጁ አዞረው።

«ልጄ፣ በሩን ቆልፈው።»

«እሺ አባዬ።»

ቁልፉ ቀጭ ብሎ ዞረ።